በጋሽ ቴዎ ስም

የሙሉጌታ ላንድሮቨር የቆመችው በግንቦት ወር አንድ እሑድ፣ ከባምባሲ ወደ አሶሳ ሲመለስ ነው። የራዲያተሩ ቱቦ ፈንድቶ ውሃው ፈስሶ ሲያልቅ አላወቀም፤ የሙቀት መለኪያዋ ከተበላሸ ዓመት አልፎታል። ነገሩ ገብቶት ዳር ሲይዝ ከኮፈኑ ሥር ነጭ እንፋሎት ይግተለተል ነበር። ማንጎ የጫነ አይሱዙ በገመድ ጎትቶ አሶሳ ድረስ አመጣውና አልአሚን ጋራዥ በር ላይ ጥሎት ሄደ።

አልአሚን የበርታ ተወላጅ ነው፤ መካኒክነቱን የለመደው በልጅነቱ ከሱዳን የሚመጡ የጭነት መኪኖች ሥር ተኝቶ ነው። የዘይቱን መለኪያ ብረት መዝዞ ለሙሉጌታ አሳየው። ዘይቱ ሻይ በወተት መስሏል።

«ኡስታዝ፣ ውሃ ከዘይት ገብቷል» አለ። በማግስቱ ሞተሩን ከላይ ፈትቶ ቴስታታውን፣ የሞተሩን የላይ ክዳን፣ ገለበጠና በጥፍሩ አንድ ቀጭን መስመር ተከተለ። «ተሰንጥቋል። ብየዳ ይይዛል፣ ግን ወር አይቆይም። ሌላ ፈልግ።»

ሙሉጌታ በመምህራን ኮሌጅ ፊዚክስ ያስተምራል፤ «ኡስታዝ» የተባለውም ለዚህ ነው። ከደብረ ማርቆስ ሲመጣ ሁለት ዓመት ሠርቶ ሊመለስ ነበር ሐሳቡ፤ አሥራ ስድስት ሆነው። ላንድሮቨሯን በጨረታ የገዛት ከአንድ መሥሪያ ቤት ጓሮ ነው፤ ያኔ ዶሮ ጫጩት ትፈለፍልባት ነበር። ከአልአሚን ጋር ሦስት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሠሩ አስነሷት። ባለቤቱ ሸዋሉል በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት የምትሠራ፣ ነገር በአጭሩ የምትጨርስ ሴት ናት። ስለ መኪናዋ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «የትም ብትሆን ስለምሰማት የት እንዳለህ አውቃለሁ።»

የእንዲህ ያለ አሮጌ ላንድሮቨር ቴስታታ በአሶሳ ሱቆች አይገኝም። ሙሉጌታ ግን የት እንደሚጠይቅ ያውቃል። የአሮጌ ላንድሮቨር ወዳጆች የተሰባሰቡበት አንድ የቴሌግራም ቡድን አለ፤ አባላቱ አራት ሺህ ይሆናሉ። ሙሉጌታ ሁለት ዓመት ሙሉ ሌሎች የሚጻጻፉትን እያነበበ ብዙ ነገር ተምሮበታል። የቡድኑ ታላቅ ጋሽ ቴዎ ይባላሉ፤ አዲስ አበባ የሚኖሩ ጡረተኛ መካኒክ ናቸው። አንድ ሰው ችግሩን ከጻፈ፣ ጋሽ ቴዎ በዚያ በተረጋጋ ድምፃቸው የድምፅ መልእክት ይልካሉ፤ «ወንድሜ፣ መጀመሪያ ብሎኑን አላላው፣ ከዚያ ተቀመጥና ሻይ ጠጣ» ይላሉ። ሰው ሁሉ ይወዳቸዋል።

ሙሉጌታ የተሰነጠቀውን ቴስታታ ፎቶ፣ «መምህር ሙሉጌታ» ብሎ ስሙንና ስልኩን ጨምሮ «እንዲህ ያለ ያለው ሰው ይርዳኝ» ብሎ ለጠፈ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ በግል መልእክት ደረሰው። ስሙ የጋሽ ቴዎ፣ ፎቶውም የጋሽ ቴዎ ነው፤ ነጭ ጢማቸውና የሱፍ ቆባቸው።

«ሰላም መምህር። ቴስታታው እኔ ጋ አለ፣ ያልተነካ። አንድ የሐዋሳ ልጅ ነገ ሊወስደው ነበር። አንተ የቡድኑ የቆየ ሰው ስለሆንክ ላስቀድምህ ብዬ ነው» ይላል። ከሥሩ የንጹሕ ቴስታታ ፎቶ ተያይዟል።

የቆየ ሰው መባሉ ሙሉጌታን ደስ አሰኘው። በሁለት ዓመት ውስጥ ቡድኑ ላይ የጻፈው «እናመሰግናለን» የሚል ቃል ብቻ መሆኑን ያን ሰዓት አላስታወሰም። ስልኩን ይዞ ወደ ጋራዡ ሄደ።

አልአሚን ፎቶውን አስፍቶ አየ። «ብረቱ ጥሩ ነው። ግን ቁጥሩ አይታይም። ከጎኑ የተቀረጸ ቁጥር አለ፣ እሱን አንሥቶ ይላክልህ። ደግሞ ወረቀት ላይ ያንተን ስም ይጻፍ፣ ብረቱ ላይ ያስቀምጥ፣ ያንሣ። ብረቱ እጁ ላይ ያለ ሰው፣ ይሄ ከባድ አይደለም።»

«ጋሽ ቴዎን? አራት ሺህ ሰው የሚያከብራቸውን ሰውዬ ወረቀት ይዘው ፎቶ ይነሡ ልበላቸው?»

«እሱ አይነሣም፣ ብረቱ ነው የሚነሣው» አለ አልአሚን።

ሙሉጌታ ነውር መሰለው። ቢሆንም በጣም አለዝቦ ጻፈ፤ «ጋሽ ቴዎ፣ ካላስቸገርኩዎት ቁጥሩን ቢልኩልኝ?»

መልሱ ወዲያው መጣ። «ካላመንከኝ ተወው። ለሐዋሳው ልጅ እሰጠዋለሁ።»

የሙሉጌታ ፊት ጋለ። ትልቅ ሰው ያስቀየመ መሰለው። ሦስት ጊዜ ይቅርታ ጠየቀና ሙሉ ክፍያውን በስልኩ ላከ፤ ለቤቱ ኮርኒስ ተብሎ የተቀመጠ ገንዘብ ነበር። የሒሳቡ ባለቤት ሴት ናት። «የእህቴ ልጅ ናት፣ የእኔ ባንክ ዛሬ አይሠራም» ተባለ። እሱንም ተቀበለ።

በማግስቱ የአውቶቡስ ጭነት ደረሰኝ ፎቶ ተላከለት። ሙሉጌታ በሦስተኛው ቀን መናኸሪያ ሄደ፣ በአራተኛውም ሄደ። የጭነት ክፍሉ ሠራተኛ ስልኩን ተቀብሎ ደረሰኙን አየና፣ «መምህር፣ ይሄ እኮ የአምና ደረሰኝ ነው። ቀኑን ፍቀው ነው የጻፉበት» አለው።

ሙሉጌታ እዚያው ቆሞ መልእክት ላከ፤ አላለፈም። ደወለ፤ ስልኩ ዝግ ነው። የጋሽ ቴዎ ፎቶ ከስልኩ ላይ ጠፍቶ ግራጫ ክብ ቀርቷል።

ያን ጊዜ ነው ጥፋቱን የሠራው። ሰው እየገፋው፣ መናኸሪያው መሀል እንደቆመ፣ የቴሌግራሙን ቡድን ከፈተና ጻፈ፤ «ቴዎ የምትሉት ሽማግሌ ሌባ ነው። በነጭ ጢሙ ስንቱን እንደበላ እግዚአብሔር ይወቅ። ማስረጃው ይኸው።» የተጻጻፉትን ሁሉ ፎቶ እያነሣ ለጠፈ። ከዚያ ስልኩን አጥፍቶ ኮሌጅ ሄደና ክፍል ገብቶ ስለ ግፊት አስተማረ።

ከክፍል ወጥቶ ስልኩን ሲከፍት ከሦስት መቶ በላይ መልእክት ጠበቀው። ግማሹ ሰው «አይደረግም፣ እሳቸው አያደርጉትም» ይላል። ግማሹ ደግሞ «እኔም ጠርጥሬ ነበር» ይላል፤ ስድቡንም እያባባሰው ሄዷል። አንዱ «ሽበት እያየን ነው የምንዘረፈው» ብሎ ጽፎ መቶ ሰው ወዶለታል።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ስልኩ ጠራ። ድምፁን ገና ከመጀመሪያው ቃል አወቀው።

«መምህር ሙሉጌታ ነህ? ቴዎ ነኝ። ቁጥርህን ከለጠፍከው ላይ ነው ያገኘሁት።»

ሙሉጌታ ስልኩን ይዞ ወደ ግቢው ወጣ።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ» አሉ ጋሽ ቴዎ። «ቴስታታ አለኝ ያለህ ሰው ጻፈልህ ወይስ ተናገረ?»

«ጻፉልኝ... ጻፈልኝ።»

«እኔ ፊደል ካነበብኩ አራት ዓመቴ ነው። ዓይኔ ደክሟል። በድምፅ የምመልሰው ለዚህ ነው። መልእክታችሁን የምታነብልኝ የልጅ ልጄ ናት። የዛሬውንም ያነበበችልኝ እሷ ናት። ሌባ የሚለው ላይ ስትደርስ ዘለለችው። እንደዘለለችው ግን ገባኝ።»

ሙሉጌታ የኮሌጁ ግቢ ውስጥ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ።

«የላከልህን ሰው መለያ ስም ፈልገህ ከእኔ ጋር አስተያየው» አሉት። «ልጅቷ እንዳለችኝ የኔ መጨረሻ ላይ አንድ ‹ኦ› ነው ያለው። የሱ ሁለት ነው።»

ሙሉጌታ ከለጠፋቸው ፎቶዎች ላይ አየ። በላቲን ፊደል የተጻፈው ስም መጨረሻ ላይ ሁለት ‹ኦ› ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ፎቶውን እንጂ ይሄን አላየም ነበር።

«ጋሽ ቴዎ፣ ምን እንደምልዎት አላውቅም።»

«ለእኔ ምንም አትበለኝ። ለሰዎቹ በላቸው» አሉና ዘጉት።

ሙሉጌታ የለጠፈውን ሁሉ አጠፋ። በምትኩ «ይቅርታ፣ ስህተት ተፈጥሮ ነበር። ጋሽ ቴዎ የሉበትም» ብሎ ጻፈ። ቤት ሲገባ ለሸዋሉል ሁሉንም ነገራት፤ የኮርኒሱን ገንዘብም ጭምር። ሸዋሉል ስለ ገንዘቡ የተቆጣችው በኋላ ነው። መጀመሪያ ስልኩን ተቀብላ ይቅርታውን አነበበች።

«ስድቡ ይሄን ያህል ረዝሞ ይቅርታው ሁለት መስመር ነው?» አለችው። «‹ስህተት ተፈጥሮ ነበር› ማለት ምን ማለት ነው? ማን ፈጠረው? መዝገብ ቤት ስንት ዓመት እንዲህ ያለ ጽሑፍ ሳገላብጥ ኖሬያለሁ። ጥፋተኛ ነው እንዲህ የሚጽፈው።»

ሙሉጌታ ጓዳ ገብቶ በሩን ዘጋና ለቡድኑ የድምፅ መልእክት ቀረጸ። ዘጠኝ ደቂቃ ፈጀ። ልክ እንደ ክፍል ትምህርት፣ ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ በአንድ ተናገረ። ሁልጊዜ በድምፅ የሚመልስ ሰው በጽሑፍ ሲመጣ አለመጠርጠሩን፣ መለያ ስሙን አለማየቱን፣ መካኒኩ ቁጥሩን አስልክ ሲለው ማፈሩን፣ «ካላመንከኝ ተወው» ሲባል መደንገጡን፣ ሒሳቡ በሌላ ሰው ስም ሲሆን ዝም ማለቱን ተናገረ። «የተታለልኩት እኔ ነኝ፣ ያ የኔ ኪሳራ ነው» አለ መጨረሻ ላይ። «ግን ቆም ብዬ ሳላጣራ የንጹሕ ሰው ስም አጥፍቻለሁ። እሱን ሌባው አላደረገውም፤ እኔ ነኝ ያደረግኩት። ጋሽ ቴዎ ይቅር ይበሉኝ።»

በዚያ ሳምንት አሥራ አንድ ሰዎች በግል ጻፉለት። ሁሉም በዚያው ዘዴ፣ በዚያው የጋሽ ቴዎ ፎቶ የተበሉ ናቸው፤ አፍረው ለሚስቶቻቸው እንኳ አልተናገሩም። አንዱ ኢንጂነር ነው፣ አንዱ ዳኛ። የቡድኑ ኃላፊዎች የሙሉጌታን መልእክት ከላይ ሰቀሉት፤ ጋሽ ቴዎም በድምፃቸው አንዲት ነገር ጨመሩ፤ «እኔ ምንም አልሸጥም። እሸጣለሁ ያለ እኔ አይደለሁም።» ሸዋሉል ይዛው ፖሊስ ጣቢያ ሄደው ቃሉን ሰጠ። ገንዘቡ የገባበት ሒሳብ በዚያው ቀን ባዶ ሆኖ ነበር።

ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ሌላ መልእክት መጣ። ፎቶ የለውም፣ መለያው ከተከፈተ ወር አልሞላውም። «ቴስታታ አለ። ፓዌ። መጥተው ይዩ» ይላል፤ ሌላ ምንም።

ሙሉጌታ ሳቀ። ለአልአሚን እያሳየው፣ «ይሄኛው ሌባ ደግሞ መልመጃውን እንኳ አልሠራም» አለ።

«ቁጥሩን ጠይቅ» አለ አልአሚን።

ጠየቀ። ሁለት ቀን መልስ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን ብዥ ያለ ፎቶ ደረሰው፤ በግሪስ የተለወሰ ቴስታታ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። «ስሜን ወረቀት ላይ ጽፈው ከላዩ ያስቀምጡ» አለ ሙሉጌታ፤ አሁን አላፈረም። ወረቀቱ በማግስቱ መጣ፤ «መምር ሙሉጌታ» ይላል፣ «ህ» ተዘሏል። ግን ወረቀቱ በእርግጥ ግሪሱ ላይ ተቀምጦ፣ ጠርዙ ዘይት ጠጥቷል።

«ስንት ልላክ?» ብሎ ሊፈትን ጻፈ።

«ሳያዩ ምን ይልካሉ?» የሚል መልስ መጣ።

ደወለ። ያነሡት ሴት ናቸው፤ በወሎ አነጋገር። ወይዘሮ ጸሐይ ይባላሉ። በሠፈራው ጊዜ ከወሎ የመጡ ናቸው። ባለቤታቸው የሠፈራው ላንድሮቨር ሹፌር ነበሩ፤ ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። የመለዋወጫ ዕቃ በግሪስ ለውሰው፣ በጨርቅ ጠቅልለው በአልጋ ሥር የሚያኖሩ ሰው ነበሩ። ቡድኑን ያሳየቻቸው የጎረቤት መምህርት ናት፤ የሙሉጌታንም ዘጠኝ ደቂቃ አብረው ሰምተውታል።

«እንግዲህ ያንን ያህል ጥፋቱን የተናገረ ሰው ብዬ ነው የጻፍኩልዎ» አሉ። «ግን መምህር፣ ይቅር ይበሉኝና፣ ዕቃውን አስቀድሜ አልክም። አንዱ ‹ኋላ እከፍላለሁ› ብሎ የሟቹን ሞተር ማስነሻ ወስዶ ቀልጦ ቀረ።»

«እኔም አስቀድሜ ገንዘብ አልክም፣ እትዬ ጸሐይ።»

«አብሽር፣ ታዲያ ተስማማን» አሉ፤ ሁለቱም ሳቁ። ነገሩ ግን እዚያው ላይ ቆመ። አሶሳና ፓዌ አንድ ክልል ናቸው፤ የመኪናው መንገድ ግን ከክልሉ ወጥቶ፣ ብዙ አገር ዞሮ ነው ተመልሶ የሚገባው። ብረት አይቶ ለመምጣት አይኬድም።

ሙሉጌታ ጋሽ ቴዎ ዘንድ ደወለ። ከዚያ ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ስለ ስድቡ አላነሡበትም፤ ጉዳዩን ሰምተው ጨረሱና፣ «ሴትየዋ ልክ ናቸው፣ አንተም ልክ ነህ» አሉ። «እሳቸውንም አንተንም የሚያውቅ ሰው ፈልግ። ስልክ ሳይሆን ሰው።»

ሙሉጌታ ያስተማራቸውን አሰበና ቡሴን አገኘ። ቡሴ የሺናሻ ልጅ ነው፤ ከኮሌጁ ተመርቆ ፓዌ በትምህርት ሱፐርቫይዘርነት ይሠራል። የወይዘሮ ጸሐይን ቤት ያውቀዋል፤ የልጃቸው ልጅ እሱ በሚቆጣጠረው ትምህርት ቤት ትማራለች። ከዚህም በላይ በሰኔ መጨረሻ ለዓመታዊ ስብሰባ ከቢሮው መኪና ጋር አሶሳ ይመጣል።

ቡሴ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ወይዘሮ ጸሐይ ግቢ ገብቶ በቪዲዮ ደወለ። ጋራዡ ውስጥ ሙሉጌታ ስልኩን ይዞ ቆሟል፤ አልአሚን ደግሞ አፉን ስልኩ ላይ አስጠግቶ ያዛል።

«ጠመኔ አለህ? አስተማሪ ጠመኔ ያጣል? በነጭ ጋዝ እጠበው፣ በደንብ አድርቀው፣ ከዚያ ጠመኔውን ፍጭ፣ ቀባው። ስንጥቅ ካለ ጋዙ ከውስጥ ወጥቶ ጠመኔው ላይ መስመር ይሠራል።»

ቡሴ እንደታዘዘው አደረገ። ወይዘሮ ጸሐይ ወገባቸውን ይዘው አጠገቡ ቆመዋል። ሩብ ሰዓት ጠበቁ። ጠመኔው ነጭ እንደሆነ ቀረ። ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ አስደግፈው በሥሩ ብርሃን ያልፍ እንደሆነ አዩ፤ አላለፈም፣ ብረቱ አልጎበጠም። ቁጥሩን ቡሴ ጮክ ብሎ አነበበው፤ አልአሚን የተሰነጠቀውን ገልብጦ በጣቱ እየነካ ተከተለ።

«ወላሂ እሱ ነው» አለ። «ኡስታዝ፣ ሴትዮው እውነቱን ነው።»

ወይዘሮ ጸሐይ «ሴትዮው» መባላቸውን ሰምተው ፈገግ አሉ። ሙሉጌታ ክፍያውን እዚያው፣ በራሳቸው ስም ባለ ሒሳብ ላከ። እሳቸው ግን የባንኩ መልእክት ስልካቸው ላይ እስኪገባና ቡሴ እንግሊዝኛውን እስኪያነብላቸው እጃቸውን ከቴስታታው ላይ አላነሡም። ከዚያ ባለቤታቸው ጠቅልለውበት የነበረውን ካኪ ሸሚዝ አምጥተው መልሰው ጠቀለሉት፣ በሲባጎ አሰሩት፣ ራሳቸው ተሸክመው ለቡሴ አስረከቡት።

ቡሴ በሰኔ ሃያ ስድስት አሶሳ ገባ። አልአሚን ሁለት ቀን ሠራ። የጠፋው ገንዘብ ግን አልተመለሰም፤ የሙሉጌታ ቤት ክረምቱን ያለ ኮርኒስ ዝናቡን በቆርቆሮው ላይ ሲያዳምጥ ከረመ። ቡድኑ ውስጥም እስከ ዛሬ አዲስ የገባ ሰው አንዳንዴ «ያ ቴዎ የተባለው ሌባ አይደለም እንዴ?» ብሎ ይጠይቃል። እንዲህ ያለ ጥያቄ በመጣ ቁጥር ሌላው ሳይቀድመው የሚመልሰው ሙሉጌታ ነው፤ የራሱን ስም ጠርቶ፣ ጥፋቱ የእሱ መሆኑን ተናግሮ።

ሞተሩ የተነሣው ረቡዕ ጠዋት ነው። አልአሚን ጆሮውን ወደ ኮፈኑ አዘንብሎ ሲሰማ ቆየና ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ሙሉጌታ ወዲያው ፓዌ ደወለ።

«እትዬ ጸሐይ፣ ተነሣች።»

«እስቲ አሰማኝ» አሉት፤ «እርስዎ» ማለታቸውን ትተው።

ስልኩን ወደ ሞተሩ አስጠጋ። ላንድሮቨሯ ረጋ ብላ ትንጎደጎዳለች። ከዚያ ስልኩን ወደ ጆሮው መለሰና «ሰሙት?» አለ።

«ሰማሁ፣ የሟቹም እንዲህ ነበረች» አሉ ወይዘሮ ጸሐይ። «በል አሁን አጥፋው፣ ነዳጅ አትጨርስ።»